ለሐይቅ ዳር የእግር መንገድ፦ በበረዶ ወራት ጨው ሳይሆን ጠጠር

መንገዱን የምትንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች፣ በረዶውን እግር ሳይረግጠው በማለዳ ጥረጉት፤ አንዴ ከተረገጠ ጠጥሮ ለአካፋ አይበገርም። የጠረጋችሁትን በቁልቁለቱ፣ በሐይቁ በኩል ከምሩት። በሽቅቡ በኩል ከተከመረ ቀን ቀልጦ መንገዱን ያቋርጥና ሌሊት እንደ መስታወት ይረጋል፤ ለእግረኛ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም።

ጨው አትበትኑ፣ እባካችሁ። የጨው አካል የሆነው ክሎራይድ ሐይቁ ውስጥ አይበሰብስም፣ ይጠራቀማል እንጂ። ተራ ጨው ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እምብዛም አይሠራም። ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ጠርዙ ሹል የተፈጨ ጠጠር በስሱ በትኑ፤ ደቃቅ አሸዋ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ጠጠሩን ክዳን ባለው በርሜል በደረቁ አስቀምጡት፣ ከረጠበ ተጋግሮ አንድ ድንጋይ ይሆናል። ብርዱ ሲያልፍ ጠርጋችሁ ሰብስቡት፤ ለከርሞም ያገለግላል።