ያገለገለ ኤም5 ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ኢ60 የሚባለው ቢኤምደብሊው ኤም5 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሲሸጥ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ አዲስ ካምሪ ከሚገዛበት ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይሄ ነው። የመኪናው ዋጋ ወረደ እንጂ የመለዋወጫው አልወረደም። ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ የምትከፍሉት ለ80 ሺህ ዶላሩ መኪና ነው።

እኔ የ2008ቱን ከያዝኩ አራት ዓመት ሆነኝ። በጣም እወደዋለሁ። 10 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር፣ 507 የፈረስ ጉልበት፤ ያም ሆኖ አራት በር ያለው፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስበት የቤት መኪና ነው። በነዚህ ዓመታት ያወጣሁትን ገንዘብ መለስ ብዬ ሳየው፣ ትልቁ ክፍል የጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን በግምት ዕቃ በመቀየር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ሳይነበብ ዕቃ አይገዛም፤ ሲፈተሽም ከርካሹ ይጀመራል። ኮድ ማንበቢያውም የቢኤምደብሊውን ካምቢዮ ጭምር የሚያነብ መሆን አለበት። ተራው ማንበቢያ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያየው።

ማርሽ አልገባ ሲል

ምልክቱ፦ ዳሽቦርዱ ላይ የጥርሳም ክብ (የማርሽ ጥርስ) ምስል ያለው መብራት ይበራል። ማርሽ አይገባም፣ ወይም መኪናው ዜሮ ላይ ይቀራል።

የብዙዎቹ ካምቢዮ ኤስኤምጂ ይባላል። ውስጡ የማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚያስገባው ግን በፓምፕ የሚገፋ ፈሳሽ ነው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ለጥቂት ሰከንድ እምም የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያ ፓምፑ ነው። ድምፁን ልመዱት። ብዙ ነገር የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ድምፁ ጨርሶ ከሌለ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ የፓምፑን ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራለትን ትንሽ ማብሪያ) አስፈትሹ። የኔ ሲቆም የመጀመሪያው ጋራዥ ፓምፑ በሙሉ ይቀየር ብሎ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀኝ። ልፈርም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሌላ ሐበሻ መካኒክ ዘንድ በተጎታች ወሰድኩት። ጋሼ በሩን ከፍተው አዳመጡ፣ ሪሌውን ነቅለው ሌላ ሰኩ፣ ፓምፑ ተነሳ። ሪሌው 20 ዶላር አይሞላም።

ድምፁ ካለ ግን በየደቂቃው የሚመላለስ ከሆነ፣ ግፊቱ አልያዘም ማለት ነው። የፈሳሹ መጠን ይታይ፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ይፈለግ፣ ከዚያ ግፊት የሚያጠራቅመው ዕቃ ይፈተሽ። ፓምፑ እየደከመ ከሄደም ፓምፑን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ካርቦን አልቆ ሊሆን ይችላል። ካርቦኑን ለብቻው የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ።

ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል። እሱን መቀየር እንጂ ሌላ መላ የለውም። የሚያቃጥለው የትራፊክ መጨናነቅ ነው። እንደ አውቶማቲክ መኪና በትንሽ በትንሹ እያስነኩ መሳብ ይገድለዋል። አውራ ጎዳና 395 ላይ ስትቆሙ ከፊታችሁ ቦታ እስኪከፈት ጠብቁና አንዴ በደንብ ተንቀሳቀሱ። ዳገት ላይም በቤንዚን ሳይሆን በፍሬን ያዙት።

በድንገት ጉልበት ሲያጣ

ምልክቱ፦ እየነዳችሁ "የሞተር ጉልበት ቀንሷል" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቤንዚን ብትሰጡትም አይሄድም። አጥፍታችሁ ስታስነሱት ደህና ይሆናል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አየር ማስገቢያውን የሚከፍቱት ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ውስጣቸው ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ይበላል። የተቀመጡት በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ ከአየር ሳጥኑ ስር ነው። ኮዱ የትኛው እንደታመመ ይነግራችኋል። አንዱ ከሄደ ሁለቱንም በአንዴ ሥሩ፤ ገንዘብ የሚበላው ፈቶ መግጠሙ ነውና። አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። የድሮውን ልካችሁ አድሰው የሚመልሱ አሉ፤ ዋጋው በጣም ይቀንሳል።

ሞተሩ ከታች ሲያንኳኳ

ምልክቱ፦ ከሞተሩ ሆድ የሚመጣ፣ ከዙሩ ጋር የሚፈጥን የብረት መንኳኳት። ይህን ከሰማችሁ እዚያው አጥፉት። እስከ ቤት ልድረስ አትበሉ። ተጎታች ጥሩ።

ምክንያቱ የቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ብሮንዝ ነው፤ ቢየላው የሚዞረውን ትልቅ ብረት በሚያቅፍበት ቦታ ያሉት ቀጫጭን ግማሽ ክቦች። 10 ቢየላ፣ 20 ግማሽ። ይህን ሞተር የሚያውቁ ሰዎች የዘይቱ ማለፊያ ክፍተት በጣም ጠባብ ነው ይላሉ። የሚጠቀመው ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው፣ 10ደብሊው-60። ጠዋት በብርድ ዘይቱ ገና እንደ ማር ሆኖ ሳለ ዙር ከፍ ካደረጋችሁ ብረት ከብረት ይፋተጋል።

ክፉነቱ መንኳኳቱ የመጨረሻው ምልክት መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በጆሮ አትሰሙትም። ዘይቱ ውስጥ ነው ያለው። ዘይት ስታስቀይሩ ትንሽ ናሙና ለላቦራቶሪ ላኩ። እርሳስና መዳብ ከቅያሪ ቅያሪ እየጨመረ ከመጣ ብሮንዙ እየተበላ ነው። በዚያ ሰዓት ከተደረሰበት ሞተሩ ሳይወርድ፣ ከስር ተከፍቶ ይቀየራል። የቢየላው ብሎኖችም አብረው አዲስ መሆን አለባቸው፤ አንዴ ከተሳቡ ደግመው አይታሰሩም። ጥቂት ሺህ ዶላር ያስወጣል። ካለፈ በኋላ ግን የምትከፍሉት ለሌላ ሞተር ነው።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለው ጥንቃቄ ነው። የዘይት ሙቀት መለኪያው ዳሽቦርዱ ላይ አለ። ዙር መቁጠሪያው ላይ ያሉት መብራቶችም ሞተሩ ሲሞቅ ገደቡን ከፍ እያደረጉ ያሳያሉ። እነሱ ሳይፈቅዱ አትርገጡት። ጠዋት ቆሞ እንዲሞቅ መተውም ጥሩ አይደለም፤ ቀስ ብላችሁ ንዱት። ፋብሪካው ለዘይት ቅያሪ ያስቀመጠው ርቀት ረጅም ነው። እኔ በየ5,000 ማይሉ ከነፊልትሮው አስቀይራለሁ። የሚይዘው ከ9 ሊትር በላይ ስለሆነ ርካሽ አይደለም፤ ከብሮንዙ ግን ይሻላል። ሞተሩ ዘይት መብላቱም ለዚህ ዓይነት የተለመደ ነውና አንድ ሊትር ዘይት የኋላ ኮፈኑ ውስጥ አይጥፋ።

ፍሬን ስትይዙ መሪው ሲንቀጠቀጥ

ሁሉም ሰው ወዲያው ዲስክ ይቀይራል። የፊቱ ዲስክ 374 ሚሊሜትር ነው፤ ዋጋውም እንደ ስፋቱ። መጀመሪያ ግን የፊት ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን እጆች ጎሚኒ እዩ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሲቀደዱ ያፈሳሉ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚኒው ከዲስክና ከሸራ በጣም ይረክሳል። ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ የሚበላ ከሆነም ጎሚኒውና አላይመንቱ አብረው ይታዩ። የጎማው ስፋት የፊቱ 255፣ የኋላው 285 ሚሊሜትር ስለሆነ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ ማስረዘም አይቻልም።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሞተሩ ሚስ የሚያደርግ (አንዱ ሲሊንደር በደንብ የማያቃጥል) ከሆነ ኮዱ የጠቆመውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ከሌላው ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ከኮይሉ ጋር ከሄደ ኮይሉ ነው፤ ካልሄደ ካንዴላውን እዩ። በአንድ ወገን ያሉት አምስቱም አብረው ሚስ ካደረጉ ግን ካንዴላ አትግዙ፤ ያንን ወገን የሚከታተለው የኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው የሚጠረጠረው።

ብዙ መብራት በአንዴ ከበራ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ነው የሚሆነው። አዲሱ ሲገባ በኮምፒውተር ለመኪናው ይመዝገብ፤ አለበለዚያ እንደ አሮጌ እየሞላ ቶሎ ይገድለዋል።

ምንም ሳይበላሽ ገንዘብ ሲያልቅ

ይህ መኪና ከተማና አውራ ጎዳና ተደባልቆ በጋሎን 13 ማይል ገደማ ነው የሚሄደው። በዓመት 10,000 ማይል ብትነዱ 770 ጋሎን ያህል ነው፣ ያውም ፕሪሚየሙን። ጋሎኑን በ4 ዶላር ብናስበው እንኳ ከ3 ሺህ ዶላር ያልፋል። ኢንሹራንስና ጎማ ገና አልተነሱም። እኔ በየወሩ 300 ዶላር ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ ሥራ የምሄደው በሌላ መኪና ነው። ለኡበር ወይም ለዕለት ሥራ ልግዛው የሚለኝ ሰው ሲመጣ ተው እለዋለሁ።

ገና ካልገዛችሁት ጠዋት ሂዱና ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ስሙ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። በሩን ከፍታችሁ ፓምፑን አዳምጡ። ከዚያ ብሮንዙ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ከሌለ፣ የማሠሪያውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሳችሁ ተነጋገሩ።