ነጥብ፣ መስመርና አንግል በሲባጎ

አዳማ ውስጥ ግንበኛ ነኝ። አዲስ ረዳት ሲመጣልኝ ስኳድራ (ቀጤ ማዕዘን ማረጋገጫ መሣሪያ) ከማስያዜ በፊት እነዚህን ሦስቱን አስተምረዋለሁ። ጥቂት ችካል፣ ሲባጎና ሜትር ይበቃል።

ችካል ምታና አናቱ ላይ ምስማር ትከል፤ «ሀ» በለው። ምስማሩ ውፍረት አለው፤ ነጥብ ግን ቦታን ብቻ ያመለክታል፣ ርዝመትም ስፋትም የለውም። ፈንጠር ብለህ «ለ»ን ትከልና ሲባጎውን ወጥረህ እሰር። በሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ ነው። ከሀ ተነስቶ በለ በኩል ያለ ማብቂያ ቢቀጥል ጨረር ይባላል፤ በሁለቱም ወገን ቢቀጥል መስመር። የአዳማ ነፋስ ሲባጎውን ካወዛወዘው ጠበቅ አድርገው።

አሁን ከሀ ሌላ ሲባጎ ወደ ጎን ዘርጋ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንግል ነው። እዚህ ላይ ረጋ በል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሲባጎዎቹን ብታስረዝም አንግሉ አያድግም፤ የሚለካው መከፈቱ ነው። 90 ዲግሪ ቀጤ ነው፣ ከዚያ ያነሰው ሹል፣ ከ90 በልጦ 180 ያልደረሰው ዝርጥ። ከከተማው ዳር ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተመልከት፤ ሦስቱ ክንፎች 360 ዲግሪን እኩል ስለሚካፈሉ በየመሃላቸው 120 ዲግሪ፣ ዝርጥ አንግል አለ።

የቤት ማዕዘን ግን ቀጤ መሆን አለበት። ከሀ ጀምረህ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ላይ ምልክት አድርግ። በምልክቶቹ መካከል ልክ 5 ሜትር ካገኘህ ቀጤ ነው። ካነሰ ክፈተው፣ ከበለጠ ሰብስበው፣ እንደገና ለካ።