ሁሉም «ከባድ» «ሄቪ» አይደለም

በአማርኛ ባናውም፣ ፈተናውም፣ ውርጩም፣ ሕመሙም «ከባድ» ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም አንድ ቃል አይጠቀምም፤ ተማሪዎች «ሄቪ ኤግዛም» ብለው የሚሳሳቱትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን በሐሳባችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በኪሎ የሚለካ ከሆነ «ሄቪ» ነው፦ የመንዝ ባና፣ ውኃ የሞላ እንስራ፣ 100 ኪሎ የሚመዝን የገብስ ኩንታል። ስትጠይቁ «ሃው ሄቪ ኢዝ ኢት?» በሉ። ሲበልጥ «ሄቪየር» ነው እንጂ «ሞር ሄቪ» አይደለም። አነባበቡ ላይ «ሂቪ» አትበሉ። «ቪ» ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ካልነካ ደግሞ «ሄቢ» ይሆንባችኋል።

ሚዛን ላይ የማይወጣውን ምን እንዳከበደው ጠይቁ። አእምሮ የሚያደክም ጥያቄ ወይም ውሳኔ «ሃርድ» ወይም «ዲፊከልት» ነው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም «ሲሪየስ» ነው። ኩንታል ማውረድ «ሄቪ ወርክ» ሲሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት «ሃርድ ወርክ» ነው።

በጣም የሚያሳስተው የአየሩ ነገር ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ስለ ብርድ ሳይነሳ የሚውል ቀን የለም። የክረምቱ ዝናብ «ሄቪ ሬይን»፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ «ሄቪ ፍሮስት» ይባላል፤ የሚታየው ብዛታቸው ነውና። ነፋስ የሚታወቀው በጉልበቱ ስለሆነ «ስትሮንግ ዊንድ» ነው። ለጣርማ በር ጭጋግ «ቲክ ፎግ» ይመረጣል፣ «ሄቪ ፎግ»ም ስሕተት አይደለም። ብርዱን ግን «ቬሪ ኮልድ» በሉት። «አይ ሃቭ አ ሄቪ ኮልድ» ካላችሁ ሰሚው የሚረዳው ኃይለኛ ጉንፋን እንደያዛችሁ ነው።

ስለ ሰው ስትናገሩ ተጠንቀቁ። እኛ ጋ «ከባድ ሰው» ማለት ቁም ነገረኛ፣ የሚፈራና የሚከበር ነው። «ሂ ኢዝ ሄቪ» ስትሉ ግን የምታወሩት ስለ ኪሎው ነው፤ ክብሩን ለመግለጽ «ዲግኒፋይድ» ይስማማል። «ሄቪ ስሊፐር» ቶሎ የማይነቃ፣ «ሄቪ ስሞከር» አብዝቶ የሚያጨስ ሰው ነው።

«ቀላል»ም እንዲሁ ይከፈላል። የማይከብድ ቦርሳ «ላይት»፣ የማያስቸግር ፈተና «ኢዚ» ነው። ካፊያ «ላይት ሬይን» ይባላል። «ላይት» ከቀለም በፊት ሲመጣ ግን ክብደትን ትቶ ፈዘዝ ያለ ማለት ይሆናል፤ «ላይት ብሉ» ውኃ ሰማያዊ ነው።