ካክተስን በእጅ አዳቅሎ ዘር ማግኘት እንዴት ይቻላል?

መስኮት ሥር ያስቀመጡት ካክተስ ሲያብብ ደስ ይላል። አበባው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠወልግና ይረግፋል። ፍሬ የለም፣ ዘርም የለም። ቤት ውስጥ ንብ አትገባም፣ የሌሊት የእሳት እራትም አትደርስም። ስለዚህ የነሱን ሥራ እኛ እንሠራለን። የሚያስፈልገው አንዲት ቀጭን ብሩሽና አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ካላወቅን ልፋታችንን ውሃ ይበላዋል።

ሁለት ተክል፣ ግን እውነተኛ ሁለት

አብዛኞቹ የካክተስ ዝርያዎች የራሳቸውን ብናኝ አይቀበሉም። ብናኝ የምለው አበባው ውስጥ ያለውን ቢጫ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ከአንድ አበባ ወስዳችሁ እዚያው ተክል ላይ ያለ ሌላ አበባ ብትቀቡት ፍሬ አይዝም። ተክሉ የራሱ መሆኑን ይለይና ያግደዋል። ስለዚህ ዝርያቸው አንድ የሆነ፣ እያንዳንዳቸው ግን ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ተክሎች ያስፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። ኢቺኖፕሲስ የሚባሉ ሁለት ካክተሶች ነበሩኝ፤ በአንድ ሳምንት ያብባሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኝ ሳመላልስ አንድም ፍሬ አልያዙም። ጥፋቱ የብሩሹ መስሎኝ ብሩሽ ቀየርኩ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ትንሹን የተከልኩት ከትልቁ ጎን የወጣውን ልጅ ነቅዬ ነው። እንዲህ ያለ ተክል ለዓይን ሁለት ቢሆንም በተፈጥሮው ያው አንዱ ነው። ተቆርጦ የተተከለ ቅርንጫፍም እንደዚሁ። ከዘር የበቀለ ሌላ ኢቺኖፕሲስ አምጥቼ ባዳቀልኩበት ወቅት ፍሬው ያዘ።

ከዚህ ውጪ የሆኑም አሉ። ፍራይሌያ የሚባሉት ትንንሽ ካክተሶች አበባቸው ሳይከፈት እንኳ ዘር ይይዛሉ። ብዙዎቹ ሜሎካክተሶች፣ ከሪቡሺያና ከማሚላሪያም አንዳንዶቹ ብቻቸውን ያፈራሉ። አስትሮፊተምና አብዛኛው ጂምኖካሊሲየም ግን ጓደኛ ይፈልጋሉ። የእናንተ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ሁለት ያስፈልገዋል ብላችሁ ተነሱ።

ሌላም አለ። በአማርኛ ቁልቋል የምንለው ሁሉ ካክተስ አይደለም። ዩፎርቢያ የሚባለው ሌላ የተክል ወገንም በዚሁ ስም ይጠራል፤ አበባው ግን ፍጹም ሌላ ስለሆነ ይህ ዘዴ አይሠራለትም። ዩፎርቢያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ መለያው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ከማሚላሪያ ውስጥም ወተት ያላቸው አሉ። እሾሁ የወጣበትን ቦታ እዩ። ካክተስ ከሆነ እሾሁ የተሰካው ትንሽ ትራስ በምትመስል ጸጉራም ነጥብ ላይ ነው።

አበባው መድረሱን በምን እናውቃለን?

አበባውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ዙሪያውን የቆሙት ብዙ ቀጫጭን ክሮች ወንዴው ክፍል ናቸው፤ ብናኙ ጫፋቸው ላይ ነው። ከመካከላቸው ወፈር ብሎ የሚወጣው ሴቴው ነው። የሴቴው ጫፍ እንደ ትንንሽ ጣቶች የተከፋፈለ ነው። ጣቶቹ ከተጨበጡ ገና ነው። ተዘርግተው ወዛ ካሉ፣ ብሩሹንም ያዝ የሚያደርጉ ከሆነ ጊዜው ደርሷል።

ኦፑንሺያ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ክሮቹን በብሩሽ ነካ አድርጓቸው። ዓይናችሁ እያየ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። እኔ እስካሁን አልጠገብኩትም።

ቀን የሚያብቡት በደንብ የሚከፈቱት ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው፤ እኩለ ቀን አካባቢ ጥሩ ሰዓት ነው። ነጭ ረጅም አበባ ያላቸው ኢቺኖፕሲሶች ግን ማምሻውን ይከፈቱና በማግስቱ ያልፋሉ። ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም ደግሞ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚያብበው፤ እሱ ላይ ማምሸት ግድ ነው።

ማዳቀል

ለስላሳ የስዕል ብሩሽ ያዙ። የአንዱን አበባ ክሮች ቀስ ብላችሁ አሻሹ፤ የብሩሹ ጫፍ ቢጫ ይሆናል። ያንን ዱቄት የሌላኛው ተክል ሴቴ ጣቶች ላይ ቀቡት፣ በዓይን እስኪታይ ድረስ። ከዚያም በተቃራኒው አድርጉ፤ ሁለቱም ሊያፈሩ ይችላሉ። አበባው በማግስቱም ክፍት ከሆነ ድገሙት። እንደ ማሚላሪያ ላሉ ትንንሽ አበቦች ብሩሽ ይበዛባቸዋል፤ ስቲኪኒ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥጥ ጠምጥሙ።

ለትላልቅ አበቦች እኔ ወረንጦ ይሻለኛል። ብናኝ ያላቸውን ሦስት አራት ክሮች ነቅላችሁ በቀጥታ ሴቴው ላይ ማሸት ነው። የሌላ ዝርያ ብናኝ የመቀላቀል ዕድሉ ይቀንሳል። በብሩሽ ከሠራችሁ ወደ ሌላ ዝርያ ከመሄዳችሁ በፊት በአልኮል እጠቡትና በደንብ ይድረቅ፤ አልኮሉ ካልተነነ ብናኙን ይገድላል። አበባው ላይ ውሃ አታፍስሱ።

ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካላበቡ ቀድሞ ያበበውን ብናኝ ማቆየት ይቻላል። ክሮቹን በወረቀት ጠቅልሉና አንድ ቀን አድርቁ። ከዚያ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምራችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ለሳምንታት ይቆያል። ስታወጡት ጠርሙሱን ወዲያው አትክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፤ አለዚያ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

መስኮቱ የሚከፈት ከሆነ ንብ የሌላ አበባ ብናኝ እንዳታመጣ አበባውን በስስ ሻሽ ሸፍኑት። ቀኑንና የሁለቱን ስም ጽፋችሁ በክር እሰሩበት፤ መጀመሪያ እናቲቱ፣ ከዚያ አባት። ይህን ስም አደራ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ለሽያጭ ከበረሃ እየተነቀሉ መወሰዳቸው ነው። ስሙ በትክክል የታወቀ፣ ከዘር የበቀለ ተክል ለሌላ ሰው ስትሰጡ ከዱር የሚነቀለውን ይተካል።

ፍሬውን መጠበቅ

አበባው ያዘም አልያዘም ይጠወልጋል። ከሳምንት በኋላ ሲነካ ከነግርጌው ከወደቀ አልያዘም። የአበባው ግርጌ አረንጓዴ ሆኖ ማበጥ ከጀመረ ይዟል። የደረቀውን አበባ አትጎትቱ፣ ውሃም እንደ ወትሮው ስጡት። አስትሮፊተም በአንድ ሁለት ወር ይደርሳል። ማሚላሪያ ግን ፍሬውን ሰውነቱ ውስጥ ይደብቅና ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም በሚቀጥለው ዓመት፣ ቀይ ጣት የመሰለ ፍሬ ድንገት ብቅ ያደርጋል። አልያዘም ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁበት ሊሆን ይችላል።

ፍሬው ሲለሰልስ፣ ቀለሙን ሲቀይር ወይም ሲሰነጠቅ ደርሷል። የሚሰነጠቁትን ቀድማችሁ በሻሽ እሰሩ። ጉንዳን ካገኘው ዘሩን አንድ በአንድ ተሸክሞ ይጨርሰዋል።

ደረቅ ፍሬ ከሆነ ወረቀት ላይ ማራገፍ ይበቃል። ጭማቂ ያለውን በጠባብ ማጥለያ ውስጥ እያሻችሁ ማሙለጭለጩ እስኪጠፋ እጠቡት፤ የቀረ ሥጋ ሻጋታ ያመጣል። የተንሳፈፈውን ሁሉ ባዶ ነው ብላችሁ አትድፉ፤ የአስትሮፊተም ዘር ደህናውም ይንሳፈፋል። ሶፍት ላይ ስለሚጣበቅ ልሙጥ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀን አድርቁ። ከዚያ በወረቀት ፖስታ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ። የፍራይሌያ ዘር ቶሎ ስለሚሞት እሱን ሳታቆዩ ዝሩ።

አዘራሩ አጭር ነው። አሸዋማ እርጥብ አፈር ላይ በትኑ፣ አፈር አታልብሱት፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኑና ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ብሩህ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ብዙዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣሉ። መጀመሪያ አረንጓዴ ዶቃ የተበተነ ነው የሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ከዶቃዋ አናት ላይ ጸጉር የመሰሉ ነጫጭ እሾሆች ብቅ ይላሉ።