የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዞችን ለጥናት እንዴት እንጠቀም?

ለጥናቱ የሚሆን ጽሑፍ በጉግል ፈልጎ ያገኘ ተማሪ የአሳታሚው ድረ ገጽ ክፍያ ሲጠይቀው ብዙውን ጊዜ ገጹን ዘግቶ ይወጣል። ይሁን እንጂ የዚያ ጆርናል ክፍያ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስቀድሞ የተፈጸመ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኪስ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ገብቶ መሞከር ያስፈልጋል። አሳታሚው ጽሑፉን የሚከፍተው አንባቢው ከየትኛው ተቋም እንደመጣ ሲያውቅ ነው፤ በግቢ ውስጥ ሲሆኑ ይህን ከኔትወርኩ አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ይረዳል፣ ከግቢ ውጭ ሲሆኑ ግን ማንነትዎን የሚያስታውቀው የቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ነው።

ስለዚህ ከቤት ሲሠሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ይነሡ። የዳታቤዞች (የጥናት ጽሑፎች የሚፈለጉባቸው ስብስቦች) ዝርዝር የሚገኝበትን ገጽ ከፍተው የሚፈልጉትን ይምረጡ፤ ሲጠየቁም የተማሪነት መለያዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። ተቋሙ ፕሮክሲ (ግንኙነትዎን በተቋሙ በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) የሚጠቀም ከሆነ መግባትዎን ከብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ማወቅ ይችላሉ፤ ከዳታቤዙ ስም ቀጥሎ የተቋሙ አድራሻ ይታያል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነውን ጉግል ስኮላርን መተው የማይፈልግ ተማሪም (ማን ይፈልጋል?) በቅንብሮቹ ውስጥ ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከተውን ክፍል ከፍቶ የተቋሙን ስም ቢመርጥ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ባሉት ጽሑፎች አጠገብ መግቢያ ማገናኛ ይመጣለታል። መግባት እምቢ ካለ የዳታቤዙን ስምና የስሕተት መልእክቱን የስክሪን ፎቶ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይላኩ፤ «አልሠራልኝም» ብቻ ለሚል መልእክት ባለሙያው መልሶ ከመጠየቅ በቀር የሚያደርገው የለም።

የዳታቤዝ ምርጫ እንደ ትምህርት መስኩ ይለያያል። ለጤና ፐብሜድ፣ ለትምህርት ጥናት ኤሪክ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ነገር ግን ፐብሜድ በዋናነት የጽሑፎችን መረጃና አጽሕሮተ ጥናት (አጭር ማጠቃለያ) የሚይዝ ስለሆነ ሙሉ ጽሑፉን ከነጻው የሙሉ ጽሑፎች ማከማቻ ከፐብሜድ ሴንትራል ወይም ከአሳታሚው መፈለግ ያሻል። ጄስቶር የተባለው የጆርናሎች ማከማቻ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም የብዙ ጆርናሎች የቅርብ ዓመታት እትሞች ስለማይገኙበት ለአዳዲስ ጥናቶች እርሱን ብቻ መተማመን አይበቃም።

አብዛኛው ተማሪ የሚደናቀፈው ግን ከገባ በኋላ፣ ፍለጋው ላይ ነው። የጥናቱን ርእስ እንዳለ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ በዳታቤዝ ውስጥ እምብዛም አይሠራም። ለምሳሌ ርእስዎ «የእንቅልፍ እጦት በነርሲንግ ተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ቢሆን፣ ሦስት ሐሳቦች አሉበት፦ እንቅልፍ፣ የነርሲንግ ተማሪዎች እና የትምህርት ውጤት። አብዛኞቹ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ሐሳብ የእንግሊዝኛውን ቃልና ተመሳሳዮቹን በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። ተመሳሳይ ቃላትን «ኦር» (OR) በሚለው ያገናኙና በቅንፍ ውስጥ ያስገቡ፤ ሦስቱን ቅንፎች ደግሞ «ኤንድ» (AND) በሚለው ያያይዙ፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ይጻፉ። ተለያይተው መፈለግ የሌለባቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡ። «ነርሲንግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ጽፈው የኮከብ ምልክት ቢያስከትሉ (nurs*)፣ ነርስንም ነርሶችንም ነርሲንግንም በአንድ ጊዜ ያገኛሉ። «ኖት» (NOT) የሚለውን ግን በጥንቃቄ ይጠቀሙ፤ የማይፈልጉትን ቃል በጨረፍታ ብቻ የጠቀሰውን ጥሩ ጽሑፍ ጭምር ይጥልብዎታል።

ውጤቱ በሺዎች ከሆነ ፍለጋውን በርእስና በአጽሕሮተ ጥናት ላይ ይገድቡት፤ ጥቂት ከሆነ ከሦስቱ ሐሳቦች አንዱን ይቀንሱ። «ሙሉ ጽሑፍ ብቻ» የሚለውን ማጣሪያ ገና ከመጀመሪያው መጫን የተለመደ ቢሆንም አልመክረውም፤ በዚያ ዳታቤዝ ሙሉ ጽሑፉ የሌለ ጥናት ቤተ መጻሕፍቱ በከፈለበት ሌላ ዳታቤዝ ሊኖር ይችላል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲያገኙ ዋቢዎቹን መመልከት ወደ ቀደሙት ጥናቶች ሲወስድዎት፣ በጉግል ስኮላር ከጽሑፉ ሥር የሚታየው የጠቃሾች ቁጥር ከእርሱ በኋላ ወደተጻፉት ይወስድዎታል።

ቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፉን ካልያዘው ሕጋዊ አማራጮች አሉ። በጉግል ስኮላር ሁሉንም ቅጂዎች የሚያሳየውን ማገናኛ ሲጫኑ ደራሲው በተቋሙ ማከማቻ ያስቀመጠው ነጻ ቅጂ ሊገኝ ይችላል፤ አንፔይዎል የተባለው የብራውዘር ተጨማሪም ይህንኑ በራሱ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚሠራው አርካይቭ (arXiv) የተባለው ድረ ገጽ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ጽሑፎችን በነጻ ይሰጣል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ገና በአቻ ምሁራን ያልተገመገሙ ስለሆኑ ሲጠቅሱ ይህን ያስታውሱ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ተቋማት የጥናት ጽሑፎችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ ሊመዘገቡ ስለሚችሉ የእርስዎ ተቋም መመዝገቡን ይጠይቁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለደራሲው በጨዋነት ኢሜይል መጻፍ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲያስመጣ መጠየቅ ይቻላል።

ያገኙትን ሲያስቀምጡ ከአድራሻ መስመሩ የተቀዳው ማገናኛ በማግስቱ ላይሠራ ስለሚችል የጽሑፉን ዲኦአይ ቁጥር (የማይለወጥ መለያውን) ይመዝግቡ፤ ነጻ የሆነው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር ዞቴሮ ይህን ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይይዛል። የፈለጉበትን ቃላትና ቀኑንም ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ፤ አማካሪዎ ሊጠይቅዎት ይችላል። በሶፍትዌር አማካይነት ጽሑፎችን በጅምላ ከማውረድ ግን ይቆጠቡ፤ አሳታሚው ይህን ሲያይ የተቋሙን መግቢያ ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሰዓት የሚሠሩ ተማሪዎች ሁሉ ከዳታቤዙ ሊታገዱ ይችላሉ።