የእናቴን ሂተር ከቴርሞስታት ጋር ያገናኘሁበት መንገድ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬ ላይ ሂተር ያለው ሰው ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ይገባል፣ የጀጎል የድንጋይ ቤት ደግሞ አንዴ ከቀዘቀዘ ቶሎ አይሞቅም። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። አንድ ታኅሣሥ ማታ ልጠይቃት ስሄድ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤቷ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ አገኘኋት። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አለ፤ አይሸትም፣ የተኛን ሰው እንደተኛ ያስቀረዋል። ምድጃውን በእጄ አወጣሁና በሳምንቱ 2000 ዋት የዘይት ሂተር ገዛሁላት።

የዘይት ሂተር ያልኩት አውቄ ነው። ሽቦው ፍም የሚመስለውን ወይም በቬንትሌተር የሚነፋውን ሂተር ሰው በሌለበት ራሱ እንዲበራ አታድርጉት። ነጠላ ቢወድቅበት ማን ያነሳዋል?

ሂተሩ የራሱ መዞሪያ አለው፤ ግን የሚለካው ሂተሩ አጠገብ ያለውን ሙቀት ስለሆነ አልጋው ጋ ብርድ እያለ ያጠፋል፣ ወይም ክፍሉ እስኪታፈን ይነዳል። እማዬ ሌሊት እየተነሳች ስታዞረው ነበር። ስለዚህ ኤስቲሲ 1000 የሚባለውን ቴርሞስታት፣ የክፍሉን ሙቀት በሴንሰር እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋውን፣ ከድሬ አመጣሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴርሞስታቱ ላይ 10 አምፒር ተጽፏል። 2000 ለ220 ሲካፈል 9.1 አምፒር ይመጣል፤ “ይችላል” ብለው ሂተሩን በቀጥታ ያስሩበታል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ደንበኛ እንዲያ አድርጌ ነበር። በሁለተኛው ወር ጠሩኝ፤ ቁጥሩ 31 ዲግሪ ያሳያል፣ የማሞቂያው መብራት ጠፍቷል፣ ሂተሩ ግን ይነዳል። ስከፍተው የሪሌው (ውስጡ ያለው ትንሽ ማብሪያ) ሁለት ነጥቦች ተቃጥለው ተጣብቀዋል። ከዚያ ወዲህ ቴርሞስታት ለእኔ ትእዛዝ ሰጪ ብቻ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው 25 አምፒር ኮንታክተር፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትልቅ ማብሪያ፣ ነው።

ኮንታክተሩ ሁለቱንም መስመር፣ ፌዙንም (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበትን) ኒውትራሉንም (የሚመለስበትን)፣ የሚቆርጥ ይሁን። የእኛ ስፒና ገልብጠው ቢሰኩትም ይገባል፤ ዛሬ ፌዝ ያላችሁት ነገ ኒውትራል ሊሆን ይችላል። አንዱን ብቻ ከቆረጣችሁ ሂተሩ ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አስፈትሹ። በአሮጌ ቤቶች ሶኬቱ የግራውንድ ምላስ እያለው ከኋላው ሽቦ የሌለው ብዙ አይቻለሁ። የእናቴም እንደዚያው ነበር፤ አዲስ መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በ16 አምፒር ብሬከርና በ30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ) ሳብኩላት። የቤት መስመር መንካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ እሱን ለጎረቤት ልጅ አትስጡ። ሳጥኑንም ብትሠሩ እንኳ ከመሰካቱ በፊት ባለሙያ ይየው።

ሳጥኑ ላይ ስትሠሩ ስፒናው ተነቅሎ ዓይናችሁ ፊት ይቀመጥ። ወፈር ያለ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ባለ ሦስት ሽቦ የ2.5 ካሬ ተጣጣፊ ገመድ ያስፈልጋል። ከስፒናው የመጣው ቡናማና ሰማያዊ ሽቦ ወደ ኮንታክተሩ መግቢያዎች ይሄዳል፤ ከመውጫዎቹ ደግሞ ሂተሩ ወደሚሰካበት ሶኬት። ቢጫና አረንጓዴው ግራውንድ በምንም ማብሪያ ሳያልፍ ቀጥታ ሶኬቱ ጋ ይድረስ። ቴርሞስታቱ ራሱ መብራቱን በ1 እና በ2 ቁጥር ይወስዳል፤ 3 እና 4 የሴንሰሩ ናቸው። ከስፒናው ከመጣው ቡናማ አንድ ቅርንጫፍ ወደ 5 ቁጥር አስገቡ፣ ከ6 ቁጥር ወደ ኮንታክተሩ ኤ1፣ ከኤ2 ወደ ሰማያዊው መልሱ። የኮንታክተሩ ጥምጥም (ኮይል) 220 ቮልት መሆኑን ጎኑ ላይ አንብቡ። 7 እና 8 የማቀዝቀዣ ናቸው፣ ባዶ ይቅሩ።

እሳት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከላላ ብሎን ነው። የተጣጣፊ ገመድን ጫፍ ስትልጡ ክሮቹ እንዳይቆረጡ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የመዳብ ቱቦ አልብሳችሁ በፒንሳ ጭመቁት፣ ብሎኑን በካቻቢቴ ጥብቅ አድርጉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ያዝ አድርጋችሁ ሳቡት። ከመጣ ገና አልታሰረም ማለት ነው። ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባም በማነቂያ ይያዝ፤ ሰው ቢደናቀፍበት ጉተታው ብሎኑ ላይ እንዳያርፍ።

ሴንሰሩን አልጋው ቁመት ላይ፣ ከሂተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ግድግዳውን ሳይነካ አንጠልጥሉት። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ለጥፌው ነበር፤ የሚለካው የክፍሉን አየር ሳይሆን የግድግዳውን ብርድ ሆነና ሂተሩ አላርፍ አለ። ሽቦውም ከ220ው ጋር አብሮ አይታሰር።

መጀመሪያ በሂተሩ ቦታ አምፖል ሰክታችሁ ሞክሩት። ሴንሰሩን በመዳፋችሁ ስትይዙት አምፖሉ መጥፋት፣ ስትለቁት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብራት አለበት። ለእማዬ ኤፍ1 ላይ (የሚያጠፋበት ሙቀት) 20 ዲግሪ፣ ኤፍ2 ላይ (ዳግም እስኪያበራ የሚወርደው ልዩነት) 1 ዲግሪ ሞላሁ። የሂተሩን የራሱን መዞሪያ እስከ መጨረሻ አትክፈቱት፤ ክፍሉ 20 እንደደረሰ ጠቅ ብሎ ከሚያጠፋበት ቦታ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉት። ኮንታክተሩ አንድ ቀን ቢጣበቅ እሱ ያጠፋል።

ሂተሩን ከሰካችሁ በኋላ ለአንድ ሰዓት አትራቁ። ስፒናውን በየሩብ ሰዓቱ ንኩት፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ከብሬከሩ አጥፉና ነቅላችሁ ሶኬቱን ቀይሩ። ዲቫይደር ፈጽሞ አታስገቡ። ሂተሩ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ልብስም አይሰጣበት። መብራት ሄዶ ሌሊት ሲመጣ ራሱ እንደሚበራም አትርሱ፤ ስለዚህ እማዬ ጠዋት ስትነሳ ስፒናውን ትነቅላለች።

አንድ የቀረ ነገር ነበር፤ ኮንታክተሩ በገባ በወጣ ቁጥር እያንኳኳ እንቅልፍ ነሳት። ሳጥኑን ከአልጋዋ ራስጌ አንስቼ በሩ አጠገብ፣ ከኋላው የጎማ ቁራጭ አድርጌ ሰቀልኩት። ጥቅምት ሲገባ እከፍተዋለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠብቃለሁ።