«ዳቦ ቢት» የሆነብኝ ታፔላ

የአክስቴ ዳቦ ቤት አዲስ ታፔላ ያስፈልገው ነበር። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። «ከመንገዱ ማዶ የሚታይ ወፍራም ፊደል ይሁን» አለችኝ። ቀላል መስሎኝ!

መጀመሪያ ኢምፓክት የሚባለውን ወፍራም ፎንት (የፊደል ዓይነት) መረጥኩ። እንግሊዝኛው አማረ። ግን ኢምፓክት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ በራሱ ሌላ ፎንት ተክቶ ቀጫጭን አማርኛ አወጣልኝ። ከዚያ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ወደሚባለው የግዕዝ ፎንት ሄድኩና ቦልድ (ወፍራም) አልኩት። ወፈረ። የሙከራ ስቲከሩ ታትሞ ሲመጣ ግን አክስቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ «ዳቦ ቢት ምንድን ነው?» አለች።

እውነቷን ነው። አቢሲኒካ ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ሲባል ፕሮግራሙ የፊደሉን ዳር ዳር ያሳብጠዋል እንጂ ቅርጹን አያስተካክልም። የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ተደፈነችና «ቢ» መሰለች። በእኛ ፊደል ያቺ ቀዳዳ አናባቢ ናት፤ ከጠፋች ቃሉም ይጠፋል።

መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ሆነ። ከቀጭኑ እስከ ብላክ (ከሁሉም ወፍራሙ) 9 ውፍረት አለው። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። ለታፔላው ብላኩን ወሰድኩ። ለከረጢቱ ስቲከር ግን ቦልዱን፤ ብላክ በትንሽ መጠን ሲታተም ቀለበቷ ትጠባለች። በፊደላቱ መሀልም ትንሽ ክፍተት ጨመርኩ። በ2 ሳንቲሜትር ስፋት አትሜ፣ ክንዴን ዘርግቼ አነበብኩት። «ቤ» ቤ ነው።

ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ጽሑፉን ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ ቀየርኩት፤ እነሱ ጋ ፎንቱ ባይኖርስ?

ታፔላው ተሰቅሏል። አክስቴ አሁን ቀለሙ ላይ ናት።